ፎቶክሮም ምንድን ነው?

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የድሮ ከተማ ምስሎችን የሚከታተል ሰው የኒው ዮርኩን መልበሪ ጎዳና አንድ ቀን ሳያገኘው አይቀርም። የመንገዱ ዳር በእጅ ጋሪ ተሞልቷል፤ ጋሪዎቹ ላይ አትክልትና ፍራፍሬ ተከምሯል፤ ባርኔጣ ያደረጉ ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች መሀል መንገድ ላይ ቆመው ወደ ካሜራው ያያሉ። ጊዜው 1900 ገደማ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ምስሉ ግን ባለ ቀለም ነው። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «በዚያ ዘመን ባለ ቀለም ፎቶ ነበር እንዴ?» ብሎ ይገረማል፤ ሌላው «ይሄ በኤአይ የተሠራ ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ቀለሙ ከዘመኑ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ ካሜራው ግን አላነሳውም።

ፎቶክሮም ማለት ከጥቁርና ነጭ የፎቶ ኔጌቲቭ (ብሩህ ቦታው ጠቁሮ፣ ጥላው ነጥቶ ከሚታይበት የካሜራ ምስል) ተነስቶ፣ በድንጋይ ማተሚያ ቀለም በቀለም ላይ እየተደረበ የሚታተም ምስል ነው። የሰዉን ፊት፣ የሕንፃውን መስመር፣ ጥላውን ያመጣው ካሜራው ነው። ሰማዩን ሰማያዊ፣ የሴትየዋን ሻርፕ ቀይ ያደረገው ደግሞ ማተሚያ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ባለሙያ ነው። ይህን ለይቶ ያላወቀ ሰው ከምስሉ ተነስቶ ስለ ዘመኑ አለባበስ ወይም ስለ ቤቶቹ ቀለም ያልሆነ ነገር ሊደመድም ይችላል፤ ብዙ ሰው ሲያደርገውም አያለሁ።

ዘዴውን በ1880ዎቹ የፈለሰፈው ሃንስ ያኮብ ሽሚድ ነው፤ ዙሪክ፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ በኦሬል ፉስሊ ማተሚያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ነበር። በድንጋይ ማተም ያኔ አዲስ ነገር አልነበረም። ቅባትና ውሃ እንደማይዋሃዱ በመጠቀም፣ በተስተካከለ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታማ ቀለም ሥሎ ማተም ከ1790ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። የሽሚድ ብልሃት ምስሉን በእጅ ከመሣል ይልቅ ብርሃን ራሱ ድንጋዩ ላይ እንዲያሰፍረው ማድረጉ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ድንጋዩ ብርሃን ሲያገኘው በሚጠነክር የሬንጅ ዓይነት በስሱ ይቀባል። ኔጌቲቩ ተገልብጦ ድንጋዩ ላይ ይጣበቅና ፀሐይ ላይ ይወጣል። በአውሮፓ በጋ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ በብርዱ ወራት ግን ሰዓታት ይፈጃል። ብርሃን በደንብ ያለፈበት ቦታ ላይ ሬንጁ ይጠነክራል፣ ያልደረሰበት ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ድንጋዩ ተርፔንታይን በሚባል ቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ ሲታጠብ ያልጠነከረው ይለቃል፤ የጠነከረው ምስሉን ይዞ ይቆያል። ባለሙያው በብሩሽ አንዳንድ ቦታ ያጠናክራል፣ አንዳንድ ቦታ ያጠፋል፤ አሲድ ይነካውና ድንጋዩ ለኅትመት ይዘጋጃል።

ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ቀለም ብቻ ነው። ለሰማያዊው አንድ ድንጋይ፣ ለቢጫው ሌላ፣ ለሮዛማው ሌላ፣ ለግራጫው ሌላ ይዘጋጃል። አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ስድስት ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ጥሩ ሥራ ሲፈለግ ቁጥሩ ከአሥር ያልፋል። እያንዳንዱ ወረቀት በእነዚህ ድንጋዮች ሁሉ ላይ በየተራ ይታተማል፤ አንዱ ቀለም በጥቂቱ ቢንሸራተት የሰውየው ባርኔጣ ከጭንቅላቱ ወጥቶ ይታያል። በጥንቃቄ የታተሙትን ሳይ እነዚያን ስማቸው ያልተጻፈ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ከልቤ አደንቃለሁ። ምስሉ ላይ የድርጅቱ ስም አለ፤ አንዳንዴም የፎቶ አንሺው ማንነት ይታወቃል። ድንጋዩን ያዘጋጀውን ሰው ግን የሚያነሳው የለም።

ቀለሙ ከየት ይመጣል? ፎቶ አንሺው ቦታው ላይ ሆኖ «ጣሪያው ቀይ ሸክላ፣ በሩ አረንጓዴ» እያለ ማስታወሻ ሊይዝ ይችላል። ማስታወሻ በሌለበት ግን ባለሙያው በግምት ይሠራል፤ አገሩን አይቶት የማያውቅ ሰው የሌላ አገር ገበያ ቀለም ይቀባል ማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ከግምትም ያልፋል። ቀን የተነሳ ፎቶ በጥቁር ሰማያዊ ቀለም ተሸፍኖ፣ ጨረቃ ተጨምሮበት «በጨረቃ ብርሃን» ተብሎ ይሸጥ ነበር። የቬኒስ የጨረቃ ብርሃን ምስሎች በዚህ የታወቁ ናቸው። ገዢው የሚፈልገው የሚያምር ነገር ነበር፤ ማተሚያ ቤቱም ያንኑ ሰጠው።

ወደ ንግዱ እንምጣ፤ የእነዚህን ምስሎች ነገር በደንብ የሚያስረዳው እሱ ነው። በዚህ ዘዴ የሚሠራው የዙሪኩ ኩባንያ ፎቶግሎብ የአውሮፓን ከተሞች፣ ኢስታንቡልን፣ ቱኒስን፣ አልጀርስን፣ ኢየሩሳሌምንና ያፋን እያተመ ይሸጥ ነበር። ለአሜሪካ መብቱን የገዛው በ1890ዎቹ አጋማሽ ዲትሮይት ከተማ ላይ የተቋቋመው ዲትሮይት ፎቶግራፊክ ኩባንያ ነው፤ በኋላ ዲትሮይት ፐብሊሺንግ ተብሏል። የአሜሪካውን የሎውስቶን ፓርክ ፎቶ በማንሳት ስሙ የገነነው ዊልያም ሄንሪ ጃክሰን በሺዎች የሚቆጠሩ ኔጌቲቮቹን ይዞ በ1897 ገባበት። ድርጅቱ በደህና ጊዜው ወደ አርባ የሚሆኑ ባለሙያዎችና ከአሥር የሚበልጡ ተዘዋዋሪ ሻጮች ነበሩት፤ በዓመት እስከ ሰባት ሚሊዮን የሚገመት ምስል ያትም ነበር።

ከዚህ ውስጥ ብዙው ፖስት ካርድ ነው። በ1898 የአሜሪካ መንግሥት በግል ድርጅት የታተመ ካርድ በአንድ ሳንቲም እንዲላክ ፈቀደ፤ ከዚያ በፊት ሁለት ሳንቲም ያስከፍል ነበር። ገበያው ያኔ ፈነዳ። ደግሞም እስከ 1907 ድረስ የካርዱ ጀርባ ለአድራሻ ብቻ የተተወ ስለነበር ሰው ሰላምታውን የሚጽፈው ምስሉ ባለበት ፊት ላይ ነበር። ዛሬ በሰማዩ ወይም በመንገዱ ላይ የብዕር ጽሑፍ የተንጋደደባቸውን ካርዶች የምናየው ለዚህ ነው።

ለሽያጭ የተነሳ ፎቶ መሆኑ ምስሉ ውስጥ ያለውን ነገር ወስኖታል። አዲሱ ባቡር ጣቢያ፣ ትልቁ ሆቴል፣ ድልድዩ፣ የባሕር ዳር መዝናኛው፣ ባንኮች የተደረደሩበት ጎዳና ተደጋግመው ይታያሉ፤ ጎብኚ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚልከው ያንን ነውና። የፋብሪካ ሠራተኛ እንዴት እንደሚኖር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድር ለማወቅ እዚህ የሚፈልግ ሰው ብዙ አያገኝም። የድሆች ሰፈር ሲመጣም እንደ መልበሪ ጎዳና፣ ለጎብኚ ዓይን «የጣሊያን ስደተኞች ገበያ» ሆኖ ነው የሚመጣው።

እንዲያም ሆኖ የዕለት ተዕለት ኑሮው ሾልኮ ይገባል። ፎቶ አንሺው ትልቅ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተክሎ፣ ብዙ ጊዜ 8 በ10 ኢንች የሆነ የመስታወት ኔጌቲቭ ሲያነሳ ሕንፃውን እንጂ ከፊቱ የሚያልፈውን ሰው መምረጥ አልቻለም። የመስታወቱ ስፋት ደግሞ አሁን ላይ ሆነን የሱቅ ማስታወቂያ እስክናነብ ድረስ እንድናጎላው ያስችለናል። መልበሪ ጎዳናን እንዲህ አጉልታችሁ እዩት። በመጀመሪያ የሚታየው ሕዝቡ ነው፤ ቀጥሎ ዓይን ወደ ላይ ይሄዳል። በየፎቁ የእሳት ማምለጫ ብረት ደረጃዎች አሉ፤ ነዋሪዎቹም ጨርቅ ሰቅለውባቸዋል። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ያ ብረት በረንዳ ሆኗል። ታች የሱቆቹ የሸራ ጥላዎች ወጥተዋል፣ ከኋላ የፈረስ ጋሪ በሰዉ መሀል ይጠባበቃል። ይህን ሁሉ እመኑት፤ ካሜራው ያየው ነው። ጨርቁ ነጭ ነው ወይስ ቀይ፣ የሸራው መስመር ምን ቀለም ነው ለሚለው ግን ምስክር የለንም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የዚህን ምስል ባለ ቀለም ኅትመትም ጥቁርና ነጭ ኔጌቲቭም ይዟል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ፎቶክሮምን ለመረዳት ከማንኛውም ማብራሪያ ይሻላል።

ከዲትሮይቱ ድርጅት ኔጌቲቮች ውስጥ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የያዘኝ ግን ባለ ቀለም ያልሆነ ነው። «የአንድ ሥራ ፍጻሜ በኒው ዮርክ» የሚል መንፈስ ያለው ርዕስ ተሰጥቶታል፤ የሞተ ፈረስ መንገድ ዳር ተጋድሟል፣ እዚያው አጠገቡ ልጆች ይጫወታሉ። ከተማው በፈረስ ጉልበት ይሠራ በነበረበት ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አልነበረም፤ የልጆቹ አኳኋንም ይህንኑ ይናገራል። የዘመኑ የኒው ዮርክ መንገድ ምን እንደሚመስል ስጠየቅ ከሚያማምሩት ባለ ቀለም ካርዶች በፊት የማሳየው ይህን ነው።

ፎቶክሮምን ከሌሎች ባለ ቀለም የድሮ ምስሎች መለየት ያስፈልጋል። በእጅ የተቀባ ፎቶ በእውነተኛ ፎቶ ወረቀት ላይ በብሩሽ ቀለም የተነካ ነው፤ እያንዳንዱ ቅጂ ለየብቻው ይቀባል። በ1907 በፈረንሳይ ሉሚየር ወንድማማቾች ለገበያ ያቀረቡት አውቶክሮም ደግሞ በቀለም የተነከሩ ደቃቅ የድንች ስታርች ቅንጣቶችን ተጠቅሞ የቦታውን ቀለም ራሱን የሚይዝ መስታወት ነው፤ እዚያ ላይ ቀይ ያያችሁት ነገር ያኔም ቀይ ነበር። ሦስተኛው ዛሬ በኮምፒዩተር የሚቀባው ነው። የእኛ ሰው በብዛት የሚያየው ይህን ነው። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ከዚያ ዘመን የወረስናቸው የቤተ መንግሥትና የገበያ ፎቶዎች ጥቁርና ነጭ ናቸው። አሁን ባለ ቀለም ካባ ለብሰው የሚዘዋወሩት በቅርብ የተቀቡ ናቸው፤ እነሱን ፎቶክሮም ማለት ስህተት ነው።

ዋናው ወረቀት እጁ የገባ ሰው በአጉሊ መነጽር ሊለየው ይችላል። ተራ የኅትመት ምስል በመስመር የተሰለፉ ነጠብጣቦች ያሳያል። ፎቶክሮም ላይ ግን የሚታየው ሥርዓት የሌለው፣ እንደ አሸዋ የተበተነ ደቃቅ ቅንጣት ነው። የዙሪኩ ኩባንያ ሥራ ከሆነ ደግሞ ግርጌው ላይ በወርቃማ ፊደል የቦታው ስምና የኩባንያው ምልክት ይኖራል።

ሥራው ረጅም ዕድሜ አላገኘም። ሌሎች አታሚዎች ርካሽና ፈጣን ዘዴ ይዘው መጡ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሽያጩን ጎዳው፤ ዲትሮይት ፐብሊሺንግ በ1924 በኪሳራ በአስተዳዳሪ እጅ ገባ፣ በ1932 ንብረቱ ተሸጠ። ኔጌቲቮቹ ግን አልተጣሉም። በ1936 ሄንሪ ፎርድ ወዳቋቋመው ሙዚየም ገቡ፤ በ1949 ወደ ኮሎራዶ ታሪክ ማኅበር ተዛወሩ። ማኅበሩ የምዕራቡን ክፍል አስቀርቶ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለውን ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። አሁን እዚያ ከ25,000 በላይ የመስታወት ምስሎች አሉ፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ፣ በትልቅ መጠን ከድረ ገጹ ማውረድ ይችላል።

ስታወርዱ ከምስሉ ጋር የተጻፈውን መግለጫ አብራችሁ ያዙ፤ በተለይ «ገደማ» የምትለዋን ቃል ስታጋሩ አታስቀሯት። ብዙዎቹ ምስሎች የተነሱበት ቀን አልተመዘገበም። ቤተ መጻሕፍቱ ዘመኑን የሚገምተው ኩባንያው ሲያሳትማቸው ከነበሩት የሽያጭ ካታሎጎችና ከመሰሎቻቸው መረጃዎች ነው፤ የፈረሱ ፎቶ «ከ1900 እስከ 1906 ባለው ጊዜ» ተብሎ የተመዘገበውም ለዚህ ነው።