የፎሪየር ስልት በሰሜን ሸዋ የዝናብ መዝገብና የሳተላይት ምስል ላይ

የፎሪየር ትንተና በጊዜ ወይም በቦታ የሚለዋወጥን መረጃ የተለያየ ድግግሞሽ ያላቸው የሳይንና የኮሳይን ሞገዶች ድምር አድርጎ የሚገልጽ የሒሳብ ስልት ነው። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፎሪየር (1768–1830 እ.ኤ.አ.) ሐሳቡን ያቀረበው በ1807 እ.ኤ.አ. ሙቀት በጠጣር አካል ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ ሲመረምር ሲሆን፣ በ1822 በመጽሐፍ አሳትሞታል። አሜሪካውያኑ የሒሳብ ሊቃውንት ኩሊና ተኪ በ1965 እ.ኤ.አ. ለዚህ ትንተና ያወጡት ፈጣን ስሌት ደግሞ ለ1,024 ቁጥሮች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ማባዛት ይጠይቅ የነበረውን ሥራ ወደ ጥቂት ሺዎች አውርዶታል።

በሰሜን ሸዋ ለዚህ ስልት ከዝናብ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። ደብረ ብርሃን፣ መንዝና አንኮበር ዋናውን ዝናብ በክረምት ያገኛሉ፤ ከየካቲት ጀምሮ ደግሞ በልግ ይጠበቃል። በፈረንጆች ወር የተያዘ የ10 ዓመት መዝገብ 120 ቁጥር ስለሚሆን፣ ሲተነተን የዓመቱ ዑደት በ10ኛው፣ የስድስት ወሩ ዑደት በ20ኛው ድግግሞሽ (ማለትም በመዝገቡ ውስጥ 10 እና 20 ጊዜ በሚመላለሱት ሞገዶች) ላይ ጎልቶ ይወጣል። የስድስት ወሩን ሞገድ ያየ ተንታኝ ግን በልግን አገኘሁ ብሎ መቸኮል የለበትም፤ በልግ ፈጽሞ ቢቀር እንኳ፣ ዝናቡ በጥቂት የክረምት ወራት ላይ በመከማቸቱ ብቻ ይኸው ሞገድ ይፈጠራል። ስለዚህ የሞገዱ ከፍታ ብቻ ሳይሆን ጫፉ የሚያርፍበት ወርም ይታያል፤ ውጤቱም ከራሱ ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል።

ስልቱ ልኬቶቹ እኩል ርቀት እንዲኖራቸው ይፈልጋል። በእኛ አቆጣጠር የተያዘ መዝገብ በወር ሲደመር፣ ጳጉሜን በአምስት ቀኗ ከባለ 30 ቀን ወራት ጎን ትሰለፍና በየዓመቱ በክረምቱ ማብቂያ ላይ የሐሰት ጉድጓድ ትፈጥራለች፤ ይህም የሌሉ ሞገዶችን ይወልዳል። መፍትሔው እጅግ ቅርብ ነው፦ ዝናቡ በየአምስት ቀኑ ከተደመረ እያንዳንዱ ወር ስድስት፣ ጳጉሜን ደግሞ አንድ ድምር ይኖራቸዋል፤ ዓመቱም በ73 እኩል ክፍሎች ይሞላል። በየአራት ዓመቱ የምትጨመረው ስድስተኛዋ ቀን ብቻ ለብቻዋ ትስተካከላለች። ያልተለካበት ቀንም በዜሮ መሞላት የለበትም፤ ዜሮ ማለት ዝናብ አልጣለም ማለት ነውና።

ምስልም በሁለት አቅጣጫ የተዘረጋ መረጃ ነው። ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ የመሬት ምልከታ ሳተላይቶች የመጀመሪያዎቹ መቃኛ ስድስት ስድስት መስመር እያነበበ ይሄድ ስለነበር፣ የመመልከቻዎቹ አለመስተካከል በየስድስተኛው መስመር የሚደጋገም እንከን ይተው ነበር፤ በፎሪየር ስፔክትረም (የእያንዳንዱን ሞገድ ጥንካሬ በሚያሳየው ሥዕል) ላይ ይህ እንከን ጥቂት ደማቅ ነጥቦች ሆኖ ስለሚለይ፣ ነጥቦቹን አደብዝዞ ምስሉን መልሶ በመገንባት ይቀነሳል። በተራራ ወገብ ላይ በእኩል ርቀት የተሠራ እርከንም እንዲሁ ከእርከኑ አቅጣጫ ጋር ቀጥ ማዕዘን በሚሠራ መስመር ላይ ነጥቦችን ይፈጥራል፤ ነጥቦቹ ከመሐሉ ያላቸው ርቀትም የእርከኖቹን መራራቅ ይናገራል። ሆኖም የአውሮፓው ሳተላይት የሴንቲኔል-2 ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) ቢያንስ የ10 ሜትር ስፋት ስላለው፣ አንድን ሞገድ ለመለየትም ቢያንስ ሁለት ፒክስል ስለሚያስፈልግ፣ ከ20 ሜትር የጠበበ የእርከን ርቀት በትክክል አይመዘገብም፤ እንዲያውም ሰፊ እርከን መስሎ ሊታይ ይችላል። አንዴ በዚህ መልክ የተነሳን ምስል የሚያቃና ማጣሪያ ስለሌለ፣ እንዲህ ላለው መሬት የጠራ የአየር ፎቶግራፍ ያስፈልጋል።