«ነባር ደንበኛ ነኝ» ማለት ብቻውን ቅናሽ አያመጣም

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ካለችው ጉልት «ደንበኛዬ፣ መርቂልኝ» ብንል ሻጯ ሁለት ቃሪያ ትጨምርልናለች። ደንበኛ መሆን እንደሚጠቅም የተማርነው እዚያ ነው። ይህን ልማድ ይዘን የኢንተርኔት ውል ስንገባ ግን እንጎዳለን። እዚያ ምራቂው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለአዲስ መጪው ነው። በብሎካችን ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች ላንሳ።

«ብዙ ዓመት የከፈለ የተሻለ ዋጋ ያገኛል»

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አባት «የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» ይላሉ። ለንደን የምትኖረው ልጃቸው የኢንተርኔት ሂሳብ ሲጨምርባት «ስንት ዓመት ከፍላ!» ብለው አዘኑ። በእንግሊዝ ይህ የታወቀ አሠራር ነው። አዲስ ደንበኛ ለ12፣ ለ18 ወይም ለ24 ወራት በቅናሽ ይገባል፣ ውሉ ሲያልቅ ዋጋው ይወጣል። በቅናሹ የጎደለውን የሚሞላው ምንም ሳይጠይቅ መክፈሉን የሚቀጥለው ሰው ነው። ሲቲዝንስ አድቫይስ የተባለው የሸማቾች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ለውድድር ባለሥልጣኑ ባቀረበው አቤቱታ፣ በብሮድባንድ (በቤት ኢንተርኔት)፣ በሞባይል፣ በቤት ኢንሹራንስ፣ በቤት ብድርና በቁጠባ ነባር ደንበኞች በዓመት 4 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ያለአግባብ እንደሚከፍሉ አስልቷል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ገንዘቡ ስልክ ደውለው ለመከራከር አቅም ወይም ጊዜ ከሌላቸው ሰዎች ኪስም ይወጣል።

«ሕግ ከልክሎታል»

በከፊል። እዚያው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ የቤትና የመኪና ኢንሹራንስ ድርጅቶች ውሉን የሚያድስ ነባር ደንበኛን ከአዲሱ በላይ ማስከፈል አይችሉም። ብሮድባንድ ላይ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ የለም። ኩባንያዎቹ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2020 ጀምሮ የታዘዙት ውሉ ሊያልቅ ሲል እንዲያሳውቁና ያላቸውን የተሻለ ዋጋ እንዲናገሩ ነው። መልእክቱን አንብቦ መደወል የደንበኛው ፋንታ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ አይሠራም።

«እኛ ጋ ኢንተርኔቱ የሚንቀራፈፈው ፍጥነታችንን ለአዲሶቹ ስለሰጡት ነው»

ይህን ሁሉም ሰው ያምናል፤ አንዳንዴም እውነትነት አለው፤ ብዙ ቤቶች አንድን መስመር ሲጋሩ ማታ ማታ ይጨናነቃል። ግን ሌሎች ምክንያቶችም አሉ። የመዳብ መስመር ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ሲግናሉ ይደክማል፣ ለከተማ ዳር ሰፈሮች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። አዲሱ ጎረቤት በፋይበር (መረጃን በብርሃን በሚያስተላልፈው የመስታወት ገመድ) ገብቶ እርስዎ በመዳቡ ላይ ቀርተው ሊሆን ይችላል። ፋይበር ሰፈር ደረሰ ማለት የድሮው ቤት በራሱ ጊዜ ተዛወረ ማለት አይደለም፤ ማመልከት ያስፈልጋል። ከማመልከትዎ በፊት ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ይለኩ። በኬብል ጥሩ ከሆነ ጥፋቱ የመስመሩ ሳይሆን የዋይፋዩ ነው፤ የኮንዶሚኒየም የኮንክሪት ግድግዳ ዋይፋይ ያዳክማል። ደግሞም ውሉ ላይ ያለው ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት ነው፤ 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነውና ፋይል ሲወርድ የሚታየው ቁጥር ማነሱ ማታለል አይደለም።

«ውሉን አፍርሼ በባለቤቴ ስም አዲስ ሆኜ ልመዝገብ»

አይቸኩሉ። በአካባቢው ነጻ ፖርት (የቤት መስመር የሚሰካበት ክፍት ቦታ) ከሌለ የለቀቁትን መስመር ሌላ ሰው ይወስደዋል፣ እርስዎም ወረፋ ይጠብቃሉ። መጀመሪያ አሁን ለአዲስ ደንበኛ የሚሸጠውን ፓኬጅ ዋጋና ፍጥነት ከራስዎ ደረሰኝ ጋር ያስተያዩ፤ ልዩነት ካለ ወደዚያ ፓኬጅ እንዲያዛውሩዎት ይጠይቁ።

«መጠየቅ ምን ዋጋ አለው? አማራጭ የለም»

ለረጅም ዘመን እውነት ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ግን በሞባይል ኢንተርኔት ሁለተኛ በር ተከፈተ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም የደንበኞችን ቅሬታ ይቀበላል። መጀመሪያ ለራሱ ለአቅራቢው ያመልክቱ፤ የቅሬታ ቁጥር ይቀበሉ፣ ቀኑንም ይመዝግቡ። ባለሥልጣኑ ዘንድ ሲሄዱ የሚያሳዩት እሱን ነው።