ሌክ ዲስትሪክት ምንድን ነው?

ከማንቸስተር ተነስቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ዊንደርሚር ባቡር ጣቢያ ስወርድ ዓይኔ ሁለት ነገር ይፈልግ ነበር። ሐይቁን እና የፓርኩን በር። ሁለቱም የሉም።

የሐይቁ ነገር ቀላል ነው። ከተማዋም ዊንደርሚር፣ ሐይቁም ዊንደርሚር ነው የሚባለው። ከተማዋ ግን ሐይቁ ዳር አይደለችም። በ1847 ባቡሩ ሲደርስ እዚያ የነበረችው በርትዌት የምትባል ሚጢጢ መንደር ናት። ጣቢያውን በሐይቁ ስም ጠሩት፤ መንደሯም ቀስ እያለች የጣቢያውን ስም ወሰደች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ውሃው ጋ ለመድረስ ሐይቁ ዳር ወዳለችው ቦውነስ ቁልቁል ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ነው።

በሩን ግን ሰው ጠየቅኩ። ውሻ ይዘው የሚያልፉ አንዲት ሴትዮ ነበሩ።

«የፓርኩ መግቢያ በየት ነው?»

«የምን መግቢያ?»

«የብሔራዊ ፓርኩ።»

ዞር ዞር ብለው አዩና «ገብተሻል እኮ፣ የኔ ፍቅር» አሉኝ። በሰሜን እንግሊዝ ሰው ሁሉ የሰው ፍቅር ነው፤ ባለሱቁም አውቶቡስ ነጂውም እንዲሁ ይላሉ።

ሌክ ዲስትሪክት በኛ ቋንቋ የሐይቆች አውራጃ እንደማለት ነው። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ካምብሪያ ውስጥ፣ ተራራና ሐይቅ የተሳሰሩበት 2,362 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ነው። በ1951 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ2017 ደግሞ ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የእንግሊዝ ትልቁ ተራራ ስካፌል ፓይክ እዚህ ነው፤ ከፍታው 978 ሜትር። አትሳቁ። መውጣት የምትጀምሩት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ካላለ ሸለቆ ነው። ስለዚህ 900ውን ሜትር በገዛ ጉልበታችሁ ነው የምትከፍሉት።

እኛን የሚያሳስተን «ፓርክ» የሚለው ቃል ነው። እኛ ፓርክ ስንል በር አለ፣ ትኬት አለ፣ ጥበቃ አለ። ሰሜን ተራሮች ለመግባት ደባርቅ ላይ ከፍላችሁ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ተመድቦላችሁ ነው። እዚህ ግን ፓርኩ ውስጥ ወደ 40,000 ሰው ይኖራል። ትምህርት ቤት አለ፣ መጠጥ ቤት አለ፣ ነዳጅ ማደያ አለ። አብዛኛው መሬት የመንግሥት አይደለም። የገበሬ ነው፣ የግለሰብ ነው፣ አንድ አምስተኛ የሚሆነው ደግሞ ናሽናል ትረስት የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። የፓርኩ አስተዳደር ባለርስት ሳይሆን በዋናነት ተቆጣጣሪ ነው። ሰው ቤቱ ላይ ፎቅ ልጨምር ሲል «ቆይ እስቲ» የሚለው እሱ ነው።

ታዲያ መሬቱ የሰው ከሆነ እኔ እንዴት እገባለሁ? በእግር መንገዱ።

እንግሊዝ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሕዝብ ሲመላለስባቸው የኖሩ የእግር መንገዶች በሕግ የሕዝብ ናቸው። በማንም እርሻ መሃል ቢያልፉ ባለመሬቱ አይዘጋቸውም። ምልክታቸው ቢጫ ቀስት ነው። ሰማያዊ ቀስት ካያችሁ ፈረስና ብስክሌትም ይፈቀዳል። የመሬቱ ድንበር አብዛኛውን ጊዜ የድንጋይ ካብ ነው፤ የኛው ካብ፣ ሲሚንቶ የሌለው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ የተነባበረ። መንገዱ ካቡ ጋ ሲደርስ አይቋረጥም። ከካቡ ውስጥ ሁለት ሦስት ረዘም ያሉ ድንጋዮች ወደ ውጭ ወጥተው ደረጃ ይሆናሉ። በእነሱ ላይ ተራምዳችሁ ትሻገራላችሁ። በግ አይሻገርም። ሌላው ዓይነት ትንሽ የእንጨት መዝጊያ ናት፤ በግማሽ ክብ አጥር ውስጥ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ። ሰው ተጣብቆ ያልፋል፣ ከብት አያልፍም። እኔ ቦርሳዬን እንዳዘልኩ ልገባ ስል ተቀርቅሬ ከኋላዬ ሰልፍ ሆነ። ማንም ምንም አላለም፤ እንግሊዞች አይደሉ!

ይህ መብት ከሰማይ አልወረደም። ባለርስቶች ተራራውን ለወፍ አደን ዘግተውት በነበረ ጊዜ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1932፣ በአብዛኛው የማንቸስተር አካባቢ ወጣት ሠራተኞች የሆኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኪንደር ስካውት የሚባለውን ተራራ ሆን ብለው ወጡት። ቦታው ከሌክ ዲስትሪክት ወደ ደቡብ፣ ፒክ ዲስትሪክት ነው። አምስቱ ታሰሩ። ብሔራዊ ፓርኮችን የፈጠረው ሕግ የወጣው ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1949 ነው። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ ተራራና ገላጣ መሬት ላይ ከመንገድ ወጥቶም መራመድን ፈቀደ።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። መብቱ እግራችሁ እስኪርስ ድረስ ነው። ያው የ2000 ሕግ በሐይቅና በወንዝ መዋኘትን አይጨምርም። ዳሩ ላይ መቆም ትችላላችሁ፤ ውሃው ግን ሌላ ሕግ አለው። ሕጉም ከሐይቅ ሐይቅ ይለያያል። ዊንደርሚር እንደ አውራ ጎዳና የሚቆጠር ውሃ ስለሆነ በጀልባም በዋናም ክፍት ነው። አልስዋተርና ኮኒስተን ዋተርም ላይ ሰው ይዋኛል፣ ካያክ ይቀዝፋል። የሞተር ጀልባ ያለው ሰው ግን ዊንደርሚር ላይ ከ2005 ጀምሮ በሰዓት ከ18.5 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ መንዳት አይችልም። በፊት በውሃ ላይ ስኪ የታወቀ ቦታ ነበር። ሕጉ ሲመጣ የጀልባ ነጋዴዎች ጮኸዋል። እኔ በበኩሌ ጸጥታውን እመርጣለሁ። አልስዋተር ላይ የመንገደኛ ጀልባዎች ከ1859 ጀምሮ ይመላለሳሉ፤ በ1877 ውሃ ላይ የወረደችው «የሐይቋ እመቤት» የተባለችው ጀልባ ዛሬም ሰው ታጓጉዛለች።

ስለ ስም ካነሳን፣ በሐይቆች አውራጃ ውስጥ «ሌክ» የሚል ስም ያለው ሐይቅ አንድ ብቻ ነው፤ ባሰንትዌት ሌክ። ሌላው ሁሉ «ሚር» ወይም «ዋተር» ነው። ተራራ ላይ ያሉት ትንንሽ ኩሬዎች «ታርን» ይባላሉ፤ ከሺህ ዓመት በፊት ሰፍረው የነበሩት የኖርዌይ ሰዎች ትተውት የሄዱት ቃል ነው። «ዊንደርሚር ሌክ» ካላችሁ እዚያ የተወለደ ሰው ፊቱን ያኮሳትራል፤ «ሐይቅ ሐይቅ» እንደማለት ነውና። መጠናቸውን በተመለከተ ጣናን ያየ ሰው አይደነግጥም። ትልቁ ዊንደርሚር ስፋቱ 15 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጣና ውስጥ 200 ጊዜ ይገባል። ግን ቀጭንና ረጅም ነው፣ 17 ኪሎ ሜትር ያህል። የበረዶ ግግር ከመሃሉ ተራራ ወደየአቅጣጫው እየተንሸራተተ ሸለቆዎቹን ስለቦረቦራቸው ሐይቆቹ እንደ ጋሪ ጎማ ዘንግ ተዘርግተዋል።

የማይዋኝባቸው ሐይቆችም አሉ። ሃውስዋተርና ተርልሚር የቧንቧ ውሃ ማጠራቀሚያ ናቸው። የማንቸስተር ከተማ በ1879 ከፓርላማ ፈቃድ አግኝታ ተርልሚርን ገደበችው። ውሃው በ1894 ከተማዋ ደረሰ፤ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያለ አንዲት ፓምፕ፣ በቁልቁለቱ ብቻ። ሃውስዋተር ላይ ደግሞ በ1930ዎቹ ማርዴል የምትባል መንደር ሰጠመች። ቤተ ክርስቲያኗ ፈርሳ ሙታኖቿ ሳይቀሩ ወደ ሻፕ መንደር ተዛወሩ። ድርቅ ሲሆን የመንደሯ ካብና ትንሿ ድልድይ ብቅ ይላሉ። ሰውም ሊያይ ይጎርፋል።

እዚህ አገር ስለ ሐይቅ የማይሟገት ሰው የለም መሰለኝ። ገጣሚው ወርድስወርዝ እኔ የመጣሁበት ባቡር እንዳይገባ በ1844 ተሟግቷል፤ ያው እሱ ራሱ ቀደም ብሎ ይህ ምድር ዓይንና ልብ ያለው ሁሉ ድርሻ ያለበት የአገር ሀብት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። በ1883 ባተርሚር በሚባለው ሐይቅ አጠገብ ለድንጋይ ካባ ሐዲድ ሊዘረጋ ሲታሰብ ቄስ ሃርድዊክ ሮንስሊ ተቃውሞ አስተባብረው አስቀሩት። ናሽናል ትረስትን በ1895 ከመሠረቱት ሦስት ሰዎች አንዱ እሳቸው ናቸው።

ለመሄድ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ዝናቡን አስቡ። ሲትዌት የምትባለዋ መንደር በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል፤ ከአዲስ አበባ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ጂንስ አትልበሱ። ከራሰ በኋላ አይደርቅም፣ እግር ላይ እንደ ቆርቆሮ ይሆናል። ስኒከርም ለሐይቅ ዳር እንጂ ለተራራ አይሆንም። ፔርሙስ ያዙ። ውሃው በሐምሌም፣ በእንግሊዝ የሙቀት ወራት፣ ይቀዘቅዛል፤ ዘላችሁ አትግቡ፣ ቀስ ብላችሁ ግቡ። ቅዝቃዜው ድንገት ትንፋሽ ይነጥቃል፣ ጎበዝ ዋናተኛንም ያሰጥማል። ከዳሩ ትንሽ ራቅ ሲባል ጥልቀቱ በአንዴ ይገባል፤ ዋስትዋተር ከ70 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ተራራ ላይ አደጋ ቢደርስ 999 ደውላችሁ ፖሊስ፣ ከዚያ የተራራ ነፍስ አድን ጠይቁ። የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አያስከፍሉም። ሥጋ ጠብሰን እንብላ የምትሉ ደግሞ ደረቅ ሣር ላይ እሳት አታንድዱ። ከብት የሚጠበቅበትን መዝጊያ ተዘግቶ ካገኛችሁት ዝጉት፣ ተከፍቶ ካገኛችሁት ተዉት።

መኪና ባይኖራችሁ አይቆጫችሁ። በበጋ እሑድ ፓርኪንግ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይበላል። 555 ቁጥር አውቶቡስ ከዊንደርሚር በአምብልሳይድና በግራስሚር አድርጎ ኬዚክ ይገባል። ፎቁ ላይ ውጡና በግራ በኩል ተቀመጡ። ግራስሚርን አልፎ ዳገቱን ከጨረሰ በኋላ ተርልሚር በዛፎቹ መሃል ብቅ ጥልቅ ይላል። እኔ እዚያ ጋ ስደርስ ሁልጊዜ ቤት ያለችው ጀበናዬ ትዝ ትለኛለች። ማንቸስተር ሆኜ ቡና የማፈላው በዚህ ውሃ ነው።