ከማማው እስከ ባንኮኒው፦ የኮምፒውተር ኔትወርክና ገመድ አልባ ግንኙነት በሰሜን ሸዋ የንግድ ሥራ

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን ከተሞች ወደ ባንክ፣ ወደ መድኃኒት ቤት ወይም ወደ ነዳጅ ማደያ ጎራ ያለ ሰው «ሲስተም የለም» የሚል መልስ አንድ ቀን ሳይሰማ አይቀርም። ይህች አጭር መልስ በአንድ ቃል የምትጠቀልለው ነገር ግን ብዙ ነው። ባንኮኒው ላይ ካለው ኮምፒውተር ተነሥቶ በግድግዳ ጥግ በተዘረጋ ገመድ፣ መሣሪያዎችን በሚያገናኙት በስዊችና በራውተር፣ መረጃን በብርሃን በሚያሳልፍ የፋይበር መስመር ወይም ማማ ላይ በተሰቀለ አንቴና በኩል አልፎ ዋናው መሥሪያ ቤት ካለው ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨር፣ የሚደርስ ሰንሰለት ነው፤ ከሰንሰለቱ አንዲት ቀለበት ስትበጠስ ከደንበኛው ፊት ያለው ሥራ ይቆማል። የዛሬው ንግድ በዚህ ሰንሰለት ላይ የቆመ በመሆኑ ነጋዴው የትኛው ቀለበት የራሱ፣ የትኛው የባንኩ፣ የትኛው ደግሞ የቴሌኮም ድርጅቱ እንደሆነ ለይቶ ማወቁ ሸቀጡን ከማወቅ ያላነሰ ጥቅም አለው።

የኮምፒውተር ኔትወርክ የሚባለው ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ መሣሪያዎች መረጃ እንዲለዋወጡ የሚያገናኝ መረብ ነው። በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ ግቢ የተወሰነው የአካባቢ ኔትወርክ ሲባል፣ ቅርንጫፎችን ከከተማ ከተማ የሚያያይዘው ደግሞ ሰፊ ኔትወርክ ይባላል። ገመድ አልባ ቴክኖሎጂ ሁለቱንም በሬዲዮ ሞገድ ያገለግላል፤ በሱቁ ውስጥ ዋይፋይ፣ ከሱቁ ውጭ የሞባይል ኔትወርክ፣ በማማና በማማ መካከል ደግሞ ማይክሮዌቭ አለ።

በሰሜን ሸዋ የዚህ መረብ ጥንካሬና ድካም ከምንም በላይ የሚወሰነው በመልክዓ ምድሩ ነው። የዞኑ ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ይኸው ጎዳና ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከወጣ በኋላ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ተጠማዝዞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። የፋይበር መስመር በአብዛኛው ዋና መንገድን ተከትሎ የሚቀበር ስለሆነ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር ያለ ከተማ ከዚያ ርቆ በገደል ከተከበበ ከተማ ይልቅ የተሻለ መስመር የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ከአውራ ጎዳናው ርቀው የሚገኙትን መሐል ሜዳንና ሞላሌን፣ ዓለም ከተማንና እነዋሪን ለሚያውቅ ሰው ይህ ልዩነት ማብራሪያ አያሻውም።

ፋይበር ባልደረሰበት ቦታ ማማ ከማማ የሚነጋገረው በማይክሮዌቭ ነው። ማይክሮዌቭ የሚጓዘው ቀጥ ብሎ ስለሆነ ሁለቱ አንቴናዎች መሐላቸው ኮረብታም ሕንፃም ሳይገባ ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው፤ የመንዝ አምባዎችና የጣርማበር ጫፎች በዚህ ረገድ ጸጋ ናቸው። የሞባይል ሞገድም ቢሆን ከፍ ካለ ቦታ ሲለቀቅ ሜዳውን ሁሉ ያዳርሳል። ጂኤስኤም በተባለው የሞባይል ስልክ ሥርዓት አንድ ማማ እስከ 35 ኪሎ ሜትር ርቀት ድረስ ስልክ ሊያስተናግድ ይችላል፤ ይህ ግን ምንም መሰናክል በሌለበት ነው። ጀማና ወንጪት በቆረጧቸው ሸለቆዎች ውስጥ ያለ መንደር ማማው በቀጥታ መስመር ሲለካ ቅርብ ቢሆንም የገደሉ ጥላ ያርፍበታል። የበረሃው ሰው ስልክ ለመደወል ጉብታ የሚወጣው፣ የደገኛው ነጋዴም ወደ ቆላ ሲወርድ «ከአሁን በኋላ አታገኙኝም» ብሎ ተሰናብቶ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ሞገዱም ቢሆን ሁሉም አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። እንደ 900 ሜጋኸርዝ ያለው ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ (የሞገድ ድግግሞሽ) ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳም የተሻለ ይበሳል፤ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ደግሞ ብዙ መረጃ ቢሸከምም ቶሎ ይደክማል። ማማም ፋይበርም በማይደርስበት ቦታ ሳተላይት ቀሪ አማራጭ ይሆናል። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ካለ ሳተላይት ጋር የሚደረግ ጥያቄና መልስ ግን በርቀቱ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ለአንድ ገንዘብ ማስተላለፍ ይህ ኢምንት ሲሆን፣ በየቁልፉ ከሩቅ ሰርቨር መልስ ለሚጠብቅ ፕሮግራም ግን አሰልቺ ነው።

ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1894፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ አንጎለላ በተወለዱት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1997፣ የሞባይል ስልክ ደግሞ በ1999 ሲሆን፣ አገልግሎቱ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በመንግሥት ድርጅት ብቻ ተይዞ ቆይቷል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሁለተኛው ኦፕሬተር ሆኖ በይፋ ሥራ ጀመረ። ለነጋዴው የዚህ ለውጥ ትርጉም ከዋጋው ውድድር ይልቅ ሁለት ሲም ይዞ አንዱ ሲጠፋ በሌላው መሥራት መቻሉ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሱቁ ውስጥ ስንገባ ነገሩ ከብዙዎች ግምት በላይ ቀላል፣ ጥንቃቄው ግን ከብዙዎች ልማድ በላይ ነው። በአንድ መካከለኛ መድኃኒት ቤት ወይም የግንባታ ዕቃ መደብር ራውተሩ መስመሩን ከውጭ ይቀበላል፤ ስዊቹ የሽያጭ ኮምፒውተሩን፣ የመጋዘኑን ኮምፒውተርና ፕሪንተሩን በገመድ ያያይዛል፤ ዋይፋዩ ደግሞ ስልኮችንና በካርድ ክፍያ የሚቀበለውን የፖስ ማሽን ያገለግላል። የተለመደው የመዳብ ኔትወርክ ገመድ በአንድ ዝርጋታ ከ100 ሜትር በላይ አይሄድም፤ መጋዘኑ ከዚያ የሚርቅ ከሆነ መሐል ላይ ስዊች መጨመር ወይም በፋይበር መተካት ያስፈልጋል። ዋይፋይ ደረጃው ከወጣበት ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ቢሻሻልም፣ ድንጋይ፣ ብረትና ውኃ ዛሬም ጠላቶቹ ናቸው። ራውተሩን «እንዳይሰረቅ» ብሎ ከብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ወይም ከለስላሳ ማቀዝቀዣ ጀርባ ደብቆ ዋይፋዩ ደካማ ነው ብሎ የሚያማርር ባለ ሱቅ ጥቂት አይደለም፤ ከፍ ብሎ ግልጥ ቦታ ላይ ሲሰቀል ያለ አንዳች ወጪ ይሻሻላል። የሽያጭ ኮምፒውተርን የመሰለ ከቦታው የማይነቃነቅ መሣሪያ ግን ሁልጊዜ በገመድ ቢሠራ ይመረጣል።

በደብረ ብርሃን አንድ መድኃኒት ቤት ሁለት ቀን ሙሉ «ሲስተም የለም» ሲባል ተመልክቻለሁ። ባለቤቷ ለመስመር አቅራቢው ደጋግማ ደወለች፣ ራውተሩ ጠፍቶ በራ፣ ፕሮግራሙ ተነቅሎ እንደገና ተጫነ። በመጨረሻ አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ ተንበረከከና የመድኃኒት መደርደሪያው እግር የኔትወርክ ገመዱን ተጭኖ እንደ ቆረጠው አሳያት። ስዊቹ ላይ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት ከጠፋች ሁለት ቀኗ ነበር። ያቺን መብራት ማንበብ ለማንኛውም ሠራተኛ በአምስት ደቂቃ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ ባለመሰጠቱ ግን ሕመምተኞች ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ።

ገመድ አልባ ቴክኖሎጂ በሰሜን ሸዋ ንግድ ላይ ያመጣው ትልቁ ለውጥ በክፍያ ላይ የታየው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከባንኮች የሞባይል አገልግሎት ጋር ተደምሮ፣ ከሱቅ ጠርዝ እስከ እህል ገበያ ድረስ ዘልቋል። በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ እንዲፈጸም ከተወሰነ በኋላ ደግሞ ኔትወርክ የሌለው ማደያ ነዳጅ እያለው መሸጥ የማይችል ሆነ። ለዚህ መስፋፋት ዋናው ምክንያት ዘመናዊው መተግበሪያ አይመስለኝም፤ በኮከብ ምልክት ጀምሮ በመሰላል ምልክት የሚያልቀው አጭር ቁጥር ነው። *127# ብሎ የሚደውል ሰው የሚጠቀመው ዩኤስኤስዲ የተባለውን መንገድ ሲሆን፣ ይህም የስልክ ጥሪን ለማቀናጀት ማማውና ስልኩ በሚነጋገሩበት የምልክት መስመር ላይ የሚያልፍ ስለሆነ የኢንተርኔት ዳታ አይፈልግም፤ በማንኛውም የቁልፍ ስልክም ይሠራል። ስማርት ስልክ በሌለበት፣ ዳታ ቢኖርም በሚንቀራፈፍበት ገጠር ይህ መንገድ የንግድ ደም ሥር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በቆየበት ወቅት መተግበሪያ ብቻ የለመደ ሻጭና ገዢ ምን ያህል እንደ ተቸገረ የዞኑ ነጋዴ አይረሳውም።

በጤፉ በሚታወቀው በምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ከተማ፣ ከአንድ የእህል መጋዘን ደጃፍ ቆሞ የገበያ ቀን ማየት ነገሩን ከየትኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል። ጆንያው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ነጋዴው ኪሎውን በዋጋው አባዝቶ ስልኩን ያወጣና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ይጫናል። አዛውንቱ ገበሬ ጠርዙ በላስቲክ የታሰረ የቁልፍ ስልካቸውን በመዳፋቸው ይዘው ዓይናቸውን ከእሱ አይነቅሉም። ስልኩ ሲንጫረር «ይዩልኝ አባቴ፣ ገብቷል?» ይላል ነጋዴው። እሳቸው ግን ስልኩን ለልጃቸው ይሰጣሉ፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ አንብቦ «ገብቷል አባባ» እስኪል ድረስ ጆንያው ከሚዛኑ አይወርድም። በዚህ ሰዓት ኔትወርኩ ቢንገዳገድ ነጋዴው «ልኬያለሁ» ይላል፣ ገበሬው «አልደረሰኝም» ይላሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እዚህ ላይ የፊደላችንን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ቁምፊ ሲይዝ በግዕዝ ፊደል ግን 70 ብቻ ይይዛል፤ ምክንያቱም የጂኤስኤም መሠረታዊ የፊደል ሠንጠረዥ የእኛን ፊደል ስለማይጨምር እያንዳንዱ ቁምፊ በ7 ቢት (የመረጃ ትንሹ መለኪያ) ፈንታ በ16 ቢት መላክ አለበት። ስለዚህ ረዘም ያለ የአማርኛ ማስታወቂያ ለሁለትና ለሦስት ተከፍሎ ይላካል፤ ለሺህ ደንበኛ የሚልክ ድርጅትም በየክፍሉ ስለሚከፍል በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ወይም እንግሊዝኛ ይመርጣል። ይህ የቴክኒክ ገደብ ዋጋውን የሚያስከፍለው ፊደል ቆጥረው ከሌላ ቋንቋ ጋር ላልተዋወቁት ለእነዚያ አዛውንት ነው፤ ድርጅቶች ወጪውን ችለው በአማርኛ ቢልኩ የሚገባ ነው።

በፋብሪካዎች በኩል ደብረ ብርሃን ከዕድሜ ጠገቡ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ጀምሮ እስከ ቢራ ፋብሪካዎቹና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ድረስ የሰፋ ኢንዱስትሪ አላት። እንዲህ ባሉ ግቢዎች ኔትወርክ የሚያገለግለው ለቢሮ ብቻ አይደለም፤ የማሽን መቆጣጠሪያዎች ሙቀትና ግፊትን የሚያስተላልፉት፣ የመጋዘን ሠራተኛ ባርኮድ የሚያነበው፣ የሒሳብ ክፍሉም ክምችቱን ከሽያጩ ጋር የሚያመሳክረው በዚሁ መረብ ነው። የማሽኖቹ መረብ ከቢሮው መረብ ተለይቶ መዘርጋት ይኖርበታል፤ ካልሆነ የአንድ ሠራተኛ ፍላሽ ይዞት የመጣው ቫይረስ ምርት ሊያስቆም ይችላል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ የሚፈልቅበት ቅርብ ምንጭ ነው።

ደኅንነትን በተመለከተ ለአነስተኛ ንግድ ጥቂት ነገሮች ይበቃሉ። የደንበኛው ዋይፋይ ከሽያጩ መረብ ይለይ፤ ራውተሩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የይለፍ ቃል ይቀየር፤ የዋይፋዩ ምስጠራ ቢያንስ ደብልዩፒኤ2 የተባለው ደረጃ ይሁን። የቅርንጫፍ መረጃ በኢንተርኔት ሲያልፍ መረጃን መስጥሮ በሚያሳልፈው በቪፒኤን ቢጠቀለል መሐል ላይ የሚያደባ ሰው ሊያነበው አይችልም። በገበያው ውስጥ ከዚህ ሁሉ በላይ የተስፋፋው ማጭበርበር ግን ኮምፒውተር እንኳ አያሻውም፤ የባንክ መልእክት የሚመስል ሐሰተኛ ጽሑፍ ልኮ ዕቃ ይዞ መሄድ ነው። መልእክቱን ሳይሆን ቀሪ ሒሳብን አይቶ ዕቃ ማስረከብ ይህን ይዘጋዋል።

የሰንሰለቱ በጣም የሳሳው ቀለበት ኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ የሱቁ ራውተር ወዲያው ይሞታል፤ ማማው ግን በባትሪው ለሰዓታት ይቆያል፣ ከዚያም በጄኔሬተር ወይም በፀሐይ ኃይል ይቀጥላል። ስለዚህ ስልኩ እየሠራ የሱቁ ኮምፒውተር «ሲስተም የለም» የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ራውተርና ስዊች የሚወስዱት ኃይል አነስተኛ በመሆኑ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ለእነርሱ ብቻ ቢመደብ ለረጅም ሰዓት ያቆያቸዋል። በክረምት የደጋው መብረቅ በመብራትም በኔትወርክም ገመድ ገብቶ ዕቃ ስለሚያቃጥል ምድር ገመድ በአግባቡ መቀበር አለበት። ሽያጩን በራሱ መዝግቦ መስመር ሲመለስ የሚልክ የሽያጭ ፕሮግራም ለሱቅ ይጠቅማል፤ ባንክ ግን ቀሪ ሒሳብን ከማዕከሉ ሳያረጋግጥ ገንዘብ መክፈል ስለማይችል ሌላ መፍትሔ የለውም፣ ሁለተኛ መስመር ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ መስመር ሲባል ደግሞ ሁለት ውል መፈረም ብቻ አይደለም። ብዙ ራውተሮች ዋናው ፋይበር ሲቋረጥ በራሳቸው ወደ ሞባይል ሲም ይዞራሉ፤ ነገር ግን ያ ሲም የተያያዘበት ማማ ከዚያው ፋይበር የሚመገብ ከሆነ፣ ወይም ሁለቱ ድርጅቶች ገመዳቸውን በአንድ መንገድ ዳር ጎን ለጎን ቀብረውት ከሆነ፣ መንገድ የሚያሰፋ አንድ ኤስካቫተር በአንድ ጭረት ሁለቱንም ይበጥሳቸዋል። መጠባበቂያ መስመር የሚገዛ ድርጅት ከፍጥነቱና ከዋጋው በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ገመዱ በየት በኩል እንደሚያልፍና ማማው ከየት እንደሚመገብ ነው።