ትራንስሌሽናል ሪሰርች ምንድን ነው? (ትርጉም ቤት አይደለም)

«ትራንስሌሽናል» ሲባል ብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ማኅተም የሚመታበት ትርጉም ቤት ነው። ይሄ ሌላ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ «የማሻገር ምርምር» ቢባል ይሻላል። ቤተ ሙከራ ውስጥ የተገኘን ነገር ሐኪሙ ጋ፣ ከሐኪሙም አልፎ ታማሚው ቤት ድረስ ማድረስ ማለት ነው። መንገዱ ደርሶ መልስ ነው፤ ሐኪሙ ያየው ነገር ተመልሶ የቤተ ሙከራ ጥያቄ ይሆናል።

ስኪዞፍሬኒያ ላይ (የሌለ ድምፅ መስማትን የመሰለ ምልክት ያለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ነው) ይሄ መሻገር በጣም ይከብዳል። የአይጥን ስኳር መለካት ይቻላል። «ማንም ሳይኖር ድምፅ ይሰማሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን አይቻልም። ስለዚህ አይጧም ላይ ሰውየውም ላይ እኩል የሚለካ ነገር መፈለግ ግድ ነው። ለምሳሌ አንድ ዓይነት ድምፅ ደጋግመህ እያሰማህ መሀል ላይ ለየት ያለ ብትጨምርበት፣ ሰውየው ልብ ባይለው እንኳ አእምሮው «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ይላል፣ የአንጎልን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ኢኢጂ ላይም ይታያል። ስኪዞፍሬኒያ ባለባቸው ሰዎች ይህ ምላሽ በአማካይ ደከም ይላል። አይጥ ላይም ተቀራራቢውን መለካት ይቻላል።

ችግሩ ይህን ድልድይ የሚሠራው ሰው ነው። ቤተ ሙከራ ያለው ልጅ ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ አያውቅም ይሆናል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ደግሞ በራፉ ላይ የተሰለፈውን ሰው ትቶ የት ይሂድ? በመሀል ያለውን ባዶ ቦታ ሙያተኞቹ «የሞት ሸለቆ» ይሉታል። ዳዊት ለሚደግም ሰው እንግዳ ስም አይደለም።

ከሸለቆው የወጣ አንድ መድኃኒት ልንገራችሁ። በ1990ዎቹ ኢላይ ሊሊ ዛኖመሊን የተባለ መድኃኒት አልዛይመር ባለባቸው ሰዎች ላይ ሞከረ። የሌለ ነገር ማየትና መስማታቸው ቀነሰ። ግን ማቅለሽለሹና ማስመለሱ አላስቀምጥ አላቸው፣ መድኃኒቱም መደርደሪያ ላይ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ካሩና የሚባል ትንሽ ኩባንያ አንድ ነገር አሰበ፦ ሆድ የሚረብሸው ከአንጎል ውጭ የሚሠራው ሥራ ከሆነ፣ ያንን ሥራ የሚያግድ፣ ግን አንጎል ውስጥ እምብዛም የማይገባ ማገጃ አብረን ብንሰጥስ? ማገጃው ደግሞ አዲስ አልነበረም። ሽንት ቶሎ ቶሎ ለሚያጣድፋቸው ሰዎች የሚታዘዝ ትሮስፒየም የሚባል የቆየ መድኃኒት ነው። ሁለቱ ተጣምረው ኮቤንፊ ተባሉ፤ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ መስከረም 2024 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ለስኪዞፍሬኒያ ፈቀደው። በ1952 ፓሪስ ላይ ክሎርፕሮማዚን ከተጀመረ ወዲህ ለዚህ ሕመም የመጡት መድኃኒቶች በሙሉ ለማለት ይቻላል ዶፓሚንን (አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያደርስ ኬሚካል) ነው የሚነኩት። ይሄኛው በሌላ በር ገባ።

ልብ በሉ፣ ሁለቱም ንጥረ ነገሮች ድሮም ነበሩ። ያስፈለገው የከሸፈ ሙከራን ውጤት አንብቦ፣ «ለምን አስመለሳቸው?» ብሎ፣ መልሱንም ከኬሚስትሪ ጋር የሚያገናኝ ጭንቅላት ነው። ጀማሪ ተመራማሪዎችን ማሠልጠን የሚባለው ነገር ለእኔ ይሄው ነው።

በተግባር ሲታይ ደግሞ ሥልጠናው በዋናነት ጊዜ መግዛት ነው። አሜሪካ ውስጥ ኬ23 የሚባል የመንግሥት ድጋፍ አለ፤ የሚያገኘው ወጣት ሐኪም ቢያንስ 75 በመቶ ጊዜው ለምርምሩ እንዲሆን ይጠየቃል። አማካሪ ይኖረዋል። ሁለት ቢሆኑ፣ አንዱ ከቤተ ሙከራ ሌላው ከሆስፒታል፣ በጣም ጥሩ ነው፤ ሁለቱ ሲከራከሩ መስማት ራሱ ትምህርት ነው። ስታቲስቲክስ አለ። ግራ የገባውን ሰው እንዴት ፈቃድ እንደሚጠይቁትም መማር አለ፣ ይሄ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እኛ ጋም አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ተቋማት ጋር የሳይኮሲስን (ስኪዞፍሬኒያን የመሰሉ፣ ከእውነታ የሚያርቁ ሕመሞች) የዘር ውርስ የሚያጠና ትልቅ ፕሮጀክት ውስጥ ገብቷል። ከፕሮጀክቱ ጎን ለወጣት ተመራማሪዎች ጂንጀር የሚባል ሥልጠና ነበር (አዎ፣ ዝንጅብል)። የዚህ ዘርፍ መረጃ አብዛኛው ከአውሮፓ ዘር ሰዎች የመጣ ነው፤ የአፍሪካውያን ዘረ መል ግን ከሁሉም በላይ ብዙ ዓይነት ነው። ናሙናው ከዚህ ሄዶ ትንተናው አሜሪካ፣ ቦስተን ላይ ብቻ ከተሠራ ያው የለመድነው ነገር ነው፣ ስለዚህ ትንተናውን የሚችል ሰው እዚሁ ማፍራት አስፈለገ።

ኮቤንፊ ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው በወር 1,850 ዶላር ነበር። ቡታጅራ ላይ ማን ይገዛዋል? እዚያ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ዞረው ከ68,000 በላይ ሰው ጠይቀው ነው ስኪዞፍሬኒያን የመሰለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ያገኟቸው። ብዙዎቹ ሕክምና የሚባል ነገር አይተው አያውቁም ነበር። ሶዶ ወረዳ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተሞከረ፦ ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤት ድረስ እየሄዱ ታማሚውንና ቤተሰቡን ደገፉ። በ2022 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከዓመት በኋላ የዕለት ተዕለት ኑሯቸው ተሻሽሏል። ምንም አዲስ ሞለኪውል የለበትም። እሱም ማሻገር ነው።