ሦስተኛ ወገን የራስዎን መኪና አይጠግንም

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ብዙ ሰው ግን የራሱም መኪና የተሸፈነ ይመስለዋል። አይደለም! ይህ መድን የሚክሰው የተጎዳውን ሰውና የሌላውን ንብረት ነው። የእርስዎ መኪና ገደል ቢገባ ወጪው ከኪስዎ ነው። ለዚያ ሙሉ ሽፋን መግባት አለብዎት።

እዚህም ላይ አንድ ክፉ ወጥመድ አለ። ዓረቦን (ለመድን ድርጅቱ የሚከፍሉትን ክፍያ) ለመቀነስ ብለው 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን አያስመዝግቡ። መኪናው በግማሽ ዋጋው ስለተመዘገበ፣ የ200 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ በአብዛኛው የሚታሰብልዎት ግማሹ፣ 100 ሺህ ብር ነው። ከእሱም ላይ በውሉ የተጻፈው የራስዎ ድርሻ ይቀነሳል። የመኪና ዋጋ ሲንር ግምቱንም ያሳድሱ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ብቻ ለምትነዳ አሮጌ መኪና ግን፣ በእኔ እይታ፣ ሦስተኛ ወገን ሊበቃ ይችላል።