የፍሬን ዲስክ መሳሳትና ምርመራው በሰሜን ሸዋ ቁልቁለት

የፍሬን ዲስክ ከጎማው ጋር የሚሽከረከር ክብ ብረት ሲሆን፣ ሹፌሩ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር የፍሬን ሸራዎቹ (ዲስኩን የሚፈትጉት ተቀያያሪ ክፍሎች) ከሁለት ወገን ጨብጠው ሽክርክሪቱን ይገቱታል። በዚህ ፍትጊያ የመኪናው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ሸራው ብቻ ሳይሆን ዲስኩም ቀስ በቀስ ይበላል።

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚሄድ የቤት መኪና ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማበርን አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከነተሳፋሪዎቹ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ቁልቁለት ወደ 14.7 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ይለቃል፤ ይህ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ከ40 ሊትር በላይ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ነፋሱና በከባድ ማርሽ የተያዘው ሞተር ያልቻሉትን ፍሬኑ ይሸከመዋል። የሳሳ ዲስክ ሙቀት የሚያጠራቅምበት ብረት ስለሚያንሰው ቶሎ ይግላል፤ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ሸራው መያዝ ያቅተዋል፣ እርጥበት የገባበት የፍሬን ዘይትም ሊፈላ ይችላል። ስለዚህ በሜዳ ላይ ደህና የሚይዝ ፍሬን ለጣርማበር በቂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ውፍረቱ ከጉዞው በፊት መለካት አለበት።

መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሌሎቹ ጎማዎች ታኮ ተደርጎላቸው በክሪክ ከተነሳና በማቆሚያ ከተደገፈ በኋላ ጎማው ይወልቃል፤ ዲስኩ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅም ግድ ነው። ፋብሪካው የፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ በሚሊ ሜትር ተቀርጾ ይገኛል። በብዙ የቤት መኪናዎች በአዲሱ ውፍረትና በዚህ ልክ መካከል ያለው ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በዓይን ለመገመት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ማይክሮሜትር የሚባለው ጥቃቅን ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል። የዲስኩ ዳር ሸራ ስለማይነካው እንደ ከንፈር ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ተራ መለኪያ በዚህ ከንፈር ላይ ካረፈ የሳሳውን ዲስክ ወፍራም አድርጎ ያሳያል። ልኬቱ ከዳር 10 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ዙሪያውን ቢያንስ በ4 ቦታ ይወሰዳል፤ ከሁሉም ያነሰው ቁጥር ነው የሚያዘው። በቦታዎቹ መካከል የመቶኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ፔዳሉን ከእግር ሥር ሊያንቀጠቅጠው ይችላል።

ሰማያዊ ነጠብጣብ ዲስኩ ከልክ በላይ እንደጋለ ያመለክታል። እስከ ዳር የደረሰ ስንጥቅ ከታየ ያለ ክርክር ይቀየራል። መኪናው በዝናብ ሲያድር የሚይዘው ስስ ዝገት ግን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት የፍሬን ርግጫዎች ስለሚጠረግ አያሳስብም።

የተቦረቦረ ዲስክን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ የተለመደ ነው። ነገር ግን መላጥ ራሱ ውፍረት ይቀንሳል፤ ተልጦ ከተቀረጸው ልክ በታች የሚወርድ ዲስክ፣ ገጹ ምንም ያህል ቢያምር፣ መመለስ የለበትም። የግራውና የቀኙ ፍሬን እኩል እንዲይዝም ሁለቱ ዲስኮች በአንድነት ይቀየራሉ።